ሦስት ነፍስ

ቧንቧ ውሃ፣ ከመንገዱ በታች፣ ከይማም ሬዲዮ ቤት
አንድ ኮምፒውተር ነበር፣ ባለቤቱ የጠፋበት።
የኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረንጁ መሐንዲስ
"ነገ እወስደዋለሁ" ብሎ ሄደ፣ እስካሁን ድረስ።

አባቴ ነው ይማም። መነጽሩ የታሰረ በክር፤
የሰው ዕቃ አይነካም፣ ግን ዕቃ ዝም ሲል አይወድም ነበር።
ፈታው፣ ጠረገው፣ የላላውን ሽቦ በስታኞ ለጥፎ
ከቲቪው ጋር አገናኘው፣ አንድ ማታ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ።

ጨዋታው ካሴት ላይ ነው። ሲጫን ይጮሃል፣
የአዝዋ ገደል ንፋስና የተጣላ ድመት ይመስላል።
ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ማስነጠስ እንኳ ክልክል፤
የቴፑን ክዳን በአውራ ጣቴ እይዛለሁ፣ እንዳይነቀል።

ከዚያ ብቅ ይላል ትንሹ ሰው፣ ባለ ሾጣጣ ቆብ።
"ሼህ ነው" አለ አንዱ፣ "ደብተራ ነው" አለ ወንድሙ፤
በወሎ ደንብ ተስማማን፦
ወይ ሁለቱንም ነው፣ ወይ ሁለቱንም አይደለም።

የሚንሳፈፍ ድንጋይ፣ ሲረግጡት የሚሟሟ ድልድይ፣
ቁልፍ የታቀፈ ዘንዶ፣ እሳት ላይ የተንጠለጠለ ሲሳይ።
ሠላሳ ሁለት ክፍል አለው፤ የልባሱ ሥዕል
"መጨረሻው ውስጥ ዘውድ አለ" ይላል።
ነፍስ ግን ሦስት ብቻ፤ ከላይ በስተግራ ሦስት ትንንሽ ቆብ፤
ስትወድቅ አንዱ ይነቀላል፣ እንደ ጥርስ፣ ያለ ደም፣ ያለ ሰበብ።

እና መብራት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደሴ ትጨልማለች፤
ነጭ ነጥብ መስታወቱ መሀል ትቀራለች፣ ትሰልላለች፣ ትሞታለች።
ጨዋታው ማስታወሻ አያውቅ፤
ነገ እንደገና ከምድር ቤት፣ ከመጀመሪያው ቁልፍ፣ ደሞ መውደቅ።

ከሁላችን ርቆ የሄደ ሸጋው ነው። ሃያ ሰባተኛ ክፍል።
"አትቁሚ ሰዓዳ፤ የቆምሽበት ይሟሟል።
ዝለይ፤ ቀጣዩ ድንጋይ አየር ላይ ሳለሽ ይታይሻል።"
የመዝለያው ፊደል በጣቱ ላብ ታጠበ፣ ነጣ፤
አባቴ የባቄላ ክክ በኮላ ለጠፈበት፣ ሌላ ስላጣ።

ያ ወር ግን የአፈሳ ነበር። ቀበሌ ስም ይዞ ይዞራል፤
አሥራ ስምንት የሞላም ያልሞላም ከወፍጮ ቤት ይታፈሳል።
በር ተመታ፣ ሃያ ስምንተኛው ክፍል ገና እንደተከፈተ፤
ሸጋው ተነሣ፤ ባለ ቆቡ ብቻውን ቀርቶ፣ ድልድዩ ከድቶት ሞተ።
አባቴ መብራቱን። እኔ የጓሮውን መስኮት።
ከዚያ ቆርቆሮ ሲጮህ ሰማሁ። አንድ። ሁለት። ዝምታ። ሦስት።

የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ፣ የእነ ከድጃ፣ የዱቄት መጋዘኑ፤
ጦሳ ከላይ ጥቁር፣ ውሻ ከታች፣ ባትሪ በየጎኑ።
ደሴ ለካ ደርብ በደርብ ናት፣ ዳገት ላይ የተደረደረች፣
የአንዱ ጣሪያ የሌላው ደጃፍ፤ ለሚዘል ልጅ የተሠራች።
ቀና ብዬ አየሁ፤ ስንት ቆብ ቀረው?
ሰማዩ ባዶ ነው። ምንም አልተሰቀለበት ለሰው።

አራተኛ ጩኸት አልሰማሁም።
ወደቀ አይሉ፣ ተያዘ አይሉ፣ አለፈ አይሉ፤
እናቱ እትዬ ጠጄ ሦስቱንም ቃል ፈርታ ስሙን ብቻ ትጠራለች አሉ።
"አብሽሪ" ይላታል አባቴ። ሌላ ምን ይበላት።

መንግሥት ተለወጠ። ፈረንጁም አልመጣ፣ ሸጋውም አልመጣ፤
ባቄላው ነቀዘ፣ ዱቄቱ ወጣ።
አንድ የክረምት ሌሊት፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ መብራት ሳይጠፋ አደረ፤
ካሴቱ ጮኸ፣ ጣቴ ክዳኑን ያዘ፣ ሁሉም እንደነበር ነበረ።
ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። አልቆምኩም።
ሠላሳ ሁለተኛው ገባሁ፤ ዘውድ የለም።
ባዶ ክፍል፣ አንድ በር። በሩን ሳልፍ ባለ ቆቡ
ምድር ቤት ተመልሶ ቆሟል፤ ነፍሱ ሦስት፣ ቁልፎቹ በቦታቸው፣
ዘንዶው ብቻ ፈጥኗል፣ እንደ ራብ።

ይህን ልነግረው ነበር። አድራሻ የለው።
የጓሮው መስኮት እስካሁን አልተቀረቀረም።
ዝናብ ጣሪያ ሲረግጥ እነቃለሁ፤ አንድ። ሁለት። ዝምታ። ሦስት።
ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ካሴት እንደሚጫንበት ሰዓት።